ስብን ማውጣትና ቆዳን ማጥበቅ
ከጅቡቲ ከተማ የተጻፈ

በሥራ ጉዳይ በጅቡቲ ከተማ በተቀመጥንበት ጊዜ፣ በአንድ የሐምሌ ምሽት አንዲት ጎረቤታችን አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። ሐምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ አቧራ እያዘለ ሲነፍስ ስለ ዋለ፣ እኛም ምንጣፍ አውጥተን ከደጃፋችን ተቀምጠን ነበር። ወይዘሮዋ የወሎ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ከወደቡ ጭነት እየጫነ ወደ አገር ቤት የሚመላለስ የከባድ መኪና ነጂ ነው። አራት ልጆች አሏቸው፤ የመጨረሻው ገና የሰባት ወር ሕፃን ስለ ነበረ በዚያ ምሽት በጀርባቸው አዝለውት ነበር።

«ወንድሜ፣ እርስዎ ፈረንሳይኛ ያነባሉ፤ ይህ ወረቀት የሚለውን እስቲ ይንገሩኝ» አሉን።

በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው ፈረንሳይኛ በጅቡቲ ብዙ ሰው ጠቅመንበታል፤ ደብዳቤና ደረሰኝ ማንበብም ለምደናል። ይህ ወረቀት ግን ከለመድነው የተለየ ነበር። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ሐኪም ቤት ያሳተመው ሲሆን፣ በአንድ በኩል ሆዷ የተንጠለጠለ ሴት፣ በሌላ በኩል ሆዷ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ የተስተካከለ ሴት ተሥለውበታል። ቃሉም ባጭሩ፣ ስብዎን አውጥተን፣ ቆዳዎን አጥብቀን፣ በአራተኛው ቀን ወደ ቤትዎ እንመልስዎታለን የሚል ነው። የአውሮፕላኑ፣ የማረፊያውና የሕክምናው ዋጋ በአንድነት ተጽፏል። ወይዘሮዋም ከዕቁብ ባገኙት ገንዘብ የዋጋውን ሢሶ አስቀድመው ልከዋል።

ባለቤታችን ሕፃኑን ተቀብላ እያባበለች፣ «እኅቴ፣ ምን ሆነሽ ነው ይህን ያሰብሽው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ሰው ሁሉ ስንተኛ ወርሽ ነው ይለኛል። ሰባት ወር ሆነኝ ከወለድሁ፤ ዛሬም ስንተኛ ወርሽ ነው ይሉኛል። ባሌ ምንም አላለኝም። እኔ ግን ቀሚሴን በመቀነት ታጥቄ ሰርግ መሄድ ተውሁ» አሉ።

ይህን ቃል ከሰማን በኋላ ነገሩን እንደ ቀላል ነገር ልናልፈው አልቻልንም። በማግሥቱ ወደ አንድ የቀዶ ጥገና ሐኪም ዘንድ ሦስታችን አብረን ሄድን። ከዚያ የሰማነውንና ከዚያ ወዲህ ከመጻሕፍት ያረጋገጥነውን፣ ለሌሎች ቤተሰቦች ይጠቅማል በማለት እነሆ እንጽፋለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው የዓመተ ምሕረት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ስብ፣ ሞራ፣ ቆዳና ጡንቻ

ሐኪሙ ወይዘሮዋን አልጋ ላይ በጀርባቸው አስተኝተው፣ ትከሻዎን ሳያነሡ ራስዎን ብቻ ቀና ያድርጉ አሏቸው። ራሳቸውን ቀና ባደረጉ ጊዜ ከደረታቸው ሥር እስከ እምብርታቸው ድረስ እንደ ድንኳን አናት ያለ ነገር ብድግ አለ። ሐኪሙ በዚያ መካከል ጣታቸውን አኖሩ፤ ሦስት ጣት በሚገባ ገባ። ቀጥለውም የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥረው ያዙ፤ የተያዘው ነገር ስስ ነበር። በምርመራው ጊዜ እኛ ከመጋረጃው ውጭ ሆነን ቃሉን ብቻ እናስተረጕም ነበር፤ ያየችውን የነገረችን ባለቤታችን ናት።

ይህን ለመረዳት የሆድን አሠራር ማወቅ ይገባል። ከላይ ያለው ቆዳ ነው። ከቆዳው ሥር ስብ አለ። ከስቡ ሥር ከደረት እስከ ብልት አጥንት የሚወርዱ ሁለት ረጃጅም ጡንቻዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በመካከላቸውም ጅማት የመሰለ ጠንካራ ማያያዣ አለ። ከጡንቻዎቹ ወዲያ አንጀትን የሚከብበው ሌላ ስብ ይገኛል። አማርኛችን እነዚህን ሁለት ስቦች በአንድ ስም አይጠራቸውም። በግ ሲታረድ ያየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ይባላል፤ ሆድ ዕቃን እንደ መረብ የሸፈነው ሞራ ይባላል። የባለጉዳይ ሁሉ ስሕተት የሚጀምረው እነዚህን ባለመለየት ነው።

ሆድ የሚገፋበት ምክንያት እንግዲህ አራት ነው። አንደኛው ከቆዳ በታች የተከማቸ ስብ ነው። ሁለተኛው የሞራ ብዛት ነው። ሦስተኛው ተለጥጦ መመለስ ያቃተው ቆዳ ነው። አራተኛው በእርግዝና ጊዜ የተራራቁ ጡንቻዎች ናቸው። በአንድ ሰው ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

የጎረቤታችን ሆድ ስብ እምብዛም አልነበረበትም። ጡንቻው ተራርቆ፣ ቆዳው ተርፎ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱ ሊያወጣላቸው ተስፋ የሰጠው ነገር መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ስብን ስለ መምጠጥ

ስብን በመሣሪያ የማውጣት ሙከራ ከመቶ ዓመት በፊት በፈረንሳይ ታይቷል። በ1920ዎቹ ሻርል ዱዣርየ የተባለ ሐኪም የአንዲት ዳንሰኛ እግር ለማቅጠን ስቡን በስለታም መሣሪያ ፋቀ። የደም ሥሮቿ ስለ ተጎዱ እግሯ በስብሶ ተቈረጠ። ከዚህ በኋላ ሥራው ለብዙ ዘመን ተጠልቶ ቀረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ጆርጆ ፊሸርና አባቱ በኢጣልያ ስብን በመሣሪያ ቈርጦ የመምጠጥን ዘዴ ጀመሩ። በ1977 የፓሪሱ ሐኪም ኢቭ ዠራር ኢሉዝ ጫፉ የማይቈርጥ ድፍን ቱቦ አግብቶ ስቡን መምጠጥ ጀመረ፤ ቱቦው የማይቈርጥ በመሆኑ የደም ሥርና ነርቭ ከበፊቱ ይልቅ ዳኑ። በ1987 ደግሞ የካሊፎርኒያው ሐኪም ጄፍሪ ክላይን የማደንዘዣ መድኃኒትና የደም ሥርን የሚያጠብ አድሬናሊን በብዙ የጨው ውኃ አቅጥኖ ከቆዳ በታች የመሙላትን ዘዴ አሳተመ። በዚህም የሚፈሰው ደም እጅግ ቀነሰ።

ይሁን እንጂ ይህ ሥራ ክብደትን ለመቀነስ የሚደረግ አይደለም። ብዙ ሐኪሞች በአንድ ጊዜ ከ5 ሊትር በላይ ማውጣትን እንደ ከባድ ነገር ይቈጥሩታል። ቱቦው የሚደርሰው ከቆዳ ሥር ወዳለው ስብ ብቻ ነው፤ ሞራን አይነካም። ለልብና ለስኳር በሽታ የሚያሠጋው ደግሞ በተለይ ሞራው ነው። በ2004 በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ 15 ወፍራም ሴቶች ወደ 10 ኪሎ የሚጠጋ ስብ ከተመጠጠላቸው በኋላ ቢመረመሩ፣ የደም ግፊታቸውም ሆነ የኢንሱሊን አሠራራቸው አልተሻሻለም። በ2012 በብራዚል 36 ሴቶች የሆዳቸው ስብ ተመጥጦ ነበር፤ ከነዚህ መካከል የሰውነት እንቅስቃሴ ያልሠሩት ሞራቸው በጥቂት ወር ውስጥ በመቶ 10 ጨመረ፤ የሠሩት ግን ይህ አልደረሰባቸውም። ሰውነት ከአንድ በኩል የተወሰደበትን በሌላ በኩል ያስመልሳል ማለት ነው።

ሳይቀዱ በብርድ ስብን የማጥፋት ዘዴም አለ። የስብ ሕዋስ ከቆዳ ይልቅ ብርድን አይችልም፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ መሣሪያ ተይዞ ሲቈይ ይሞታል፤ ሰውነትም በጥቂት ወራት ውስጥ ያስወግደዋል። አሜሪካ ይህን በ2010 ፈቀደች። በተያዘው ስፍራ የሚቀንሰው ግን ከስቡ ሩብ ገደማ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ስቡ በመጥፋት ፈንታ እየጠጠረ ያድጋል። በሞዴልነት ሥራ የታወቀችው ካናዳዊት ሊንዳ ኤቫንጀሊስታ ይህ እንደ ደረሰባት በ2021 ለሕዝብ ገልጻለች።

ቆዳን ስለ ማጥበቅ

ፊኛ ተነፍቶ ብዙ ጊዜ ከቈየ በኋላ አየሩ ሲወጣ እንደ ቀድሞው አይጠብቅም። ቆዳም እንዲሁ ነው። ከሥሩ ያለው ስብ ሲወጣ ወጣትና ጤናማ ቆዳ ይሰበሰባል፤ በእርግዝና ወይም በውፍረት ብዙ የተለጠጠ ቆዳ ግን ባዶ ስልቻ መስሎ ይቀራል። ስብ መምጠጥና ቆዳ ማጥበቅ በአንድነት የሚታሰቡትም ስለዚህ ነው።

አገራችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለችም። አራስ ሆዷን በመቀነት ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፤ በወሎና በሰሜን ያሉ እናቶችም የወይባ ጢስ ይሞቃሉ። መቀነቱ የላላውን ሆድ ይደግፋል፤ የዛሬ ሐኪሞችም ከቀዶ ጥገና በኋላ ጠባብ መታጠቂያ ለሳምንታት ያዝዛሉ። ጢሱ ገላን ያወዛል፣ ያሸታል፣ ወገብንም ያሞቃል። በላብ የሚወጣው ግን ውኃ እንጂ ስብ አይደለም፤ ሴትዮዋ ውኃ ስትጠጣ ክብደቷ ይመለሳል።

ዘመናዊው ማጥበቂያ ሙቀት ነው። የቆዳ ብርታት ከኮላጅን ይገኛል፤ ኮላጅንም እንደ ገመድ የተገመደ ጭረት ነው። ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ይኮማተራል፤ ከዚያም ሰውነቱ በወራት ውስጥ አዲስ ይሠራል። ሙቀቱን የሚሰጠው የራዲዮ ሞገድ፣ የድምፅ ሞገድ ወይም ሌዘር ነው። ከላይ ብቻ የሚሰጠው ሙቀት ቆዳው እንዳይቃጠል ዝቅ ስለሚል ለውጡም መጠነኛ ነው። ቱቦ ከቆዳ ሥር አግብቶ ከውስጥ የሚያሞቀው ዘዴ ስብን ከመምጠጥ ጋር በአንድ ቀን ይሠራል፤ የበለጠ ያጠብቃል፣ የበለጠም ሊያቃጥል ይችላል።

ለእኛ ለጥቁሮች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሌዘር ብርሃን በቆዳችን ቀለም ይዋጣል፤ ስለዚህ ያልተማረ ሰው ቢሠራበት ቆዳችንን አቃጥሎ ጥቁር ወይም ነጭ ምልክት ይተዋል። የራዲዮ ሞገድ ግን ቀለምን አይለይም። በላጩ ምርጫ ይህ ቢሆንም፣ ጠባሳው የሚያብጥበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ተርፎ የታጠፈ ቆዳን ግን ሙቀት አያስተካክለውም፤ መቈረጥ አለበት። የአሜሪካው ሐኪም ሃዋርድ ኬሊ ይህን በ1899 በባልቲሞር ሠራ፤ የብራዚሉ ኢቮ ፒታንጊ በ1967 ጠባሳው ከውስጥ ልብስ በታች እንዲደበቅ አድርጎ አሻሻለው። የተራራቁትም ጡንቻዎች በዚያው ጊዜ ይሰፋሉ።

ሁለቱ ሲጣመሩ

ሐኪሞች ሆድን የመቅደድንና ስብን የመምጠጥን ሥራ በአንድ ቀን ማድረግ ለብዙ ዘመን ይፈሩ ነበር። በዱሮው አሠራር ቆዳው ከጡንቻው ላይ በሰፊው ስለሚነሣ፣ ከሥር ወደ ቆዳ ደም የሚያመጡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይቈረጣሉ። በዚህ ላይ ስቡ ቢመጠጥ ቆዳው ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። የብራዚሉ ኦስቫልዶ ሳልዳኛ በ2001 ባሳተመው ዘዴ ቆዳው በመካከል ብቻ በጠባቡ ተነሥቶ፣ በጎንና በጎን ያሉት የደም ሥሮች ሳይቈረጡ ይቀራሉ። ከዚህ ወዲህ ሁለቱን ማጣመር የታወቀ ሥራ ሆኗል።

ሆኖም መጣመሩ ትርፍ ብቻ አያመጣም። ሥራው ሲረዝም ማደንዘዣውም ይረዝማል። ሆድን የማጥበቅ ቀዶ ጥገና በመልክ ማሳመሪያ ሥራዎች ሁሉ መካከል በእግር ደም መርጋት ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ ከሌላ ሥራ ጋር ሲደመር አደጋው ይጨምራል። የረጋው ደም ከእግር ተነሥቶ ወደ ሳንባ ቢሄድ ሰውን በድንገት ይገድላል። የሚያጨስ ሰው ደግሞ የደም ሥሩ ስለሚጠብ ቍስሉ አይድንም፤ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ማቆም አለበት። በጅቡቲ ብዙ ሰው ጫት ስለሚቅም፣ ጫት የልብን ምት የሚያፋጥን መሆኑን ማደንዘዣ የሚሰጠው ሐኪም ሊያውቅ ይገባል።

ሐኪሙ የጠየቁት

ሐኪሙ ምርመራውን ከፈጸሙ በኋላ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ወይዘሮዋ ዘወር አሉ። «ከዚህ በፊት የታመሙት በሽታ አለ?» አሉ። እኛም አስተረጐምን።

«የለም፤ ጤነኛ ነኝ» አሉ።

«በእርግዝና ጊዜ ወይም ከወሊድ በኋላ አንድ እግርዎ ብቻ አብጦ ያውቃል?»

ወይዘሮዋ ዝም አሉ። ወደ ባለቤታችን ተመለከቱ። ጥቂት ቈይተውም፣ «ሦስተኛውን ልጅ በወለድሁ በሳምንቱ ግራ እግሬ አበጠ። ደም ረግቷል ብለው ሦስት ወር መርፌ ወጉኝ። እርሱ ግን ዳነ፤ ደግሞም የእግር ነገር ነው። ይህ የሆድ ጉዳይ ነው ብዬ ነው ያልተናገርሁት» አሉ።

አባቶቻችን ሁሉንም ቢናገሩት ሆድ ባዶ ይቀራል ይላሉ። ለሰው ነገር ይህ ጥሩ ምክር ነው። በሐኪም ፊት ግን የሚሠራው ሌላው ተረት ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ወይዘሮዋን አንወቅሳቸውም። ያ የታተመ ወረቀት ገንዘባቸውን ሲቀበል እግርዎ አብጦ ያውቃል ወይ ብሎ አልጠየቃቸውም። ሕፃን እንደሚያጠቡም አልጠየቀም።

ሐኪሙ በረጋ ድምፅ አንድ በአንድ አስረዱ። አንድ ጊዜ ደሙ የረጋበት ሰው እንደገና ሊረጋበት ይችላል። በሆድ ቀዶ ጥገና ላይ፣ በአራተኛው ቀን ለረጅም ሰዓት በአውሮፕላን ተቀምጦ መመለስ ሲጨመር፣ የአደጋው መንገድ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይገናኛል። ስብ ከተመጠጠ በኋላ ከ5 እስከ 7 ቀን፣ ሆድ ከተጠበቀ በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ሳይሞላ መብረር እንደማይገባ ይመከራል። እንደ ወይዘሮዋ ያለ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የደም ሐኪም ሳያየው ቀን መቍረጥ የለበትም። ከዚህም ሌላ የሚያጠቡ እናት ጡት ካስጣሉ በኋላ ስድስት ወር ያህል ሊቈዩ ይገባል፤ ሌላ ልጅ ለመውለድ የሚያስቡም ከሆነ የተሰፋው ሁሉ እንደገና ይለጠጣል።

ለሕክምና ወደ ሌላ አገር መሄድ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ከጅቡቲም ከአዲስ አበባም ብዙ ሰው ለከባድ በሽታ ሄዶ ድኖ ተመልሷል። ነገር ግን የደረሰው አደጋ መታወቅ አለበት። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ መሥሪያ ቤት በ2024 እንዳስታወቀው፣ ከ2009 እስከ 2022 ድረስ 93 አሜሪካውያን በዶሚኒካን ሪፑብሊክ የመልክ ማሳመሪያ ቀዶ ጥገና ካደረጉ በኋላ ሞተዋል። በዝርዝር ከተመረመሩት መካከል አብዛኞቹ የሞቱት ስብ ወይም የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶባቸው ነው። ከዚያው አገር የተመለሱ ሌሎች ሴቶችም በ2013ና በ2014 ለወራት የማይድን የቍስል መመረዝ አግኝቷቸው ነበር። ቍስሉ የሚያመረቅዘው ሐኪሙ በሌለበት በራስ ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው

ወይዘሮዋ ጉዞውን ተዉ። ያ ሐኪም ቤት አስቀድሞ የተከፈለውን ገንዘብ እንዲመልስ በስማቸው ሁለት ደብዳቤ ጻፍን፤ አንድ ሣንቲም አልመለሰም። የዕቁቡ ገንዘብ ለትልቋ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ጭምር የታሰበ ስለ ነበረ፣ በዚያ ሰሞን በቤታቸው ብዙ ኀዘን ሆነ። ባለቤታቸው ከመንገድ ሲመለስ ሁሉን ነገሩት። እርሱም ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል ሳይናገር፣ ያ እግር ያበጠ ጊዜ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ብቻ አነሣ።

ሐኪሙ ወደ አንዲት የሰውነት እንቅስቃሴ አስተማሪ ላኳቸው። በጀርባ ተኝቶ፣ ትንፋሽን ወደ ውጭ እያወጡ እምብርትን ወደ ውስጥ መሳብ ነው የመጀመሪያው ትምህርት፤ ድንገት ብድግ ብሎ መቀመጥና ከባድ ነገር ማንሣት ተከለከለ። በቀን ሁለት ጊዜ ማለዳና ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ይሠሩ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ ሐኪሙ እንደገና ቢለኩ፣ ሦስት ጣት ያገባ የነበረው ሁለት ጣት አላስገባም። የጀርባ ሕመማቸውም ቀለለ። ቆዳው ግን እንደ ታጠፈ ነው። ቆዳ በእንቅስቃሴ እንደማይሰበሰብ አስቀድመው ስለ ተነገራቸው አልደነቁም።

ወደ ፊት ሕፃኑ ሲያድግና የደም ሐኪሙ ሲፈቅድ ቀዶ ጥገናውን ያደርጉ ይሆናል፤ ላያደርጉም ይችላሉ። ይህ የእርሳቸው ፈቃድ ነው። አራት ልጅ የተሸከመ ሆድ እንዲስተካከል መመኘትን ከንቱነት ብለን አንጠራውም። ሊነቀፍ የሚገባው ሰውነታቸውን ሳያይ ዋጋ የቈረጠው ነው።

ከጅቡቲ ልንመለስ ስንሰናዳ ወይዘሮዋ አንድ ነገር ለመኑን። በሰፈሩ ያሉ ሌሎች ሴቶችም ያንኑ ወረቀት ስለ ያዙ፣ ለሐኪም የሚቀርበውን ጥያቄ በአማርኛ ጻፉልን አሉ። በአንድ ገጽ ጽፈን ሰጠናቸው፤ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ቃሉ ይህ ነው።

፩. ሆዴን በእጅህ ዳስሰህ ተመልክተሃል ወይ? የተገፋው ስብ ነው፣ ሞራ ነው፣ ቆዳ ነው ወይስ ጡንቻ?

፪. ይህን ሥራ የምትሠራው አንተ ነህ ወይ? ለዚህ የተማርህበትን ማስረጃ አሳየኝ።

፫. ማደንዘዣውን የሚሰጠው ማን ነው? አደጋ ቢደርስ ደምና ኦክሲጅን በዚያው ቤት አለ ወይ?

፬. ደም ረግቶብኝ ያውቃል፤ ወይም በቤተሰቤ ደም የረጋበት አለ። ምን ታደርግልኛለህ?

፭. አጠባለሁ፤ አጨሳለሁ፤ ጫት እቅማለሁ፤ መድኃኒት እወስዳለሁ። ካለብሽ ሳትጠየቂ ተናገሪ።

፮. ጠባሳው የት ይቀራል? ስንት ቀን እተኛለሁ? መታጠቂያውን በዚህ ሙቀት ለስንት ሳምንት እታጠቃለሁ?

፯. በስንተኛው ቀን እበራለሁ? ወደ አገሬ ከተመለስሁ በኋላ ቍስሉ ቢያመረቅዝ የሚያየኝ ማን ነው?

፰. ሐሳቤን ብለውጥ ገንዘቤ ይመለሳል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ስጠኝ።

ስምንተኛውን ጥያቄ ያስጨመሩት ወይዘሮዋ ራሳቸው ናቸው።